«ጾመዋል?» ብለው ያስተኙኝ ሰዎች

ይህን የምጽፈው ለሁለት ሰዎች ነው። አንደኛው ሰሞኑን ቀዶ ጥገና የሚጠብቀው ማንኛውም ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ፣ ተረጋግቶ ያንብብ። ሁለተኛው ከኦሎምፒያ ብዙም በማይርቅ አንድ የቀዶ ጥገና ማዕከል ውስጥ ዳይሬክተር የሆነ፣ ሲናደድ መነጽሩን የሚያወልቅ ሰው ነው። እሱ ቆሞ ያንብብ።

አስቀድሜ ልናዘዝ፤ ማጋነን እወዳለሁ። ካዛንቺስ ባለው መሥሪያ ቤታችን፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሳወጣና ሳስገባ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ባልደረቦቼ በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ እኔ ያወጡት አንድ ደንብ ቢኖር «በለጠ የነገረህን ለአራት አካፍል» የሚል ነው። ዝናቡ እስከ ወገቤ ደረሰ ካልኩ ካልሲዬ ረጥቧል ማለት ነው። ባለቤቴ አስካለ ደግሞ ለስምንት ታካፍላለች። የመከራዬ ግማሹ የመጣው ከዚሁ ስለሆነ ልብ በሉልኝ። ከዚህ በታች ያለው ግን አይካፈልም። እንዳለ ይወሰድ።

ነገሩ የጀመረው ከቀኝ ጎድን አጥንቴ ሥር ነው። የሆነ ነገር ጨምድዶ ይይዘኛል፣ ወደ ጀርባዬ ይዞራል፣ ትከሻዬ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል። በተለይ ክትፎ በበላሁ ማግስት። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ገባሁ፤ «ጨጓራ ነው» አሉኝ። በዚህ ከተማ ከአንገት በታች፣ ከጉልበት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው። ነጭ ሽሮፕ ሰጡኝ፣ አንድ በርሜል ጠጣሁ። ሁለተኛው ክሊኒክ «ጨጓራ ነው፣ ግን ባክቴሪያ አለው» አለኝ። ሦስተኛው ጋ ያለው ሐኪም እጄን እንኳ ሳይነካ «ጭንቀት ይመስላል፤ ምን ያስጨንቅዎታል?» ሲለኝ «እናንተ» አልኩት። አልሳቀም። ጎረቤት ተልባ አለ፣ አማቴ ነጭ ሽንኩርት በማር አለች፤ እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመት ሞላን።

አንድ ቀን መሥሪያ ቤት መሰላል ላይ ወጥቼ ፋይል ሳወርድ ያ ነገር ያዘኝ፤ ፋይሉን ለቅቄ መሬት ላይ ተጠቀለልኩ። ባልደረቦቼ አጨበጨቡ። «ዛሬ ደግሞ ሞትን እየሠራልን ነው!» አሉ። ላቤ ወለሉን ሲያርሰው ነው የደነገጡት። በመጨረሻ አልትራሳውንድ የሚባለው፣ ሆድ ላይ ቅባት ቀብተው በስክሪን የሚያዩበት ምርመራ ተደረገልኝ፤ ባለሙያዋ አየች፣ ደግማ አየች።

«የሐሞት ከረጢትዎ ውስጥ ጠጠር አለ።»

«ስንት ነው?»

«ብዙ ነው።»

ካዛንቺስን ዳር እስከ ዳር ኮብልስቶን ለማንጠፍ የሚበቃ ነበር። (ይህችን ብቻ አካፍሏት።)

ከረጢቱ ከነጠጠሩ መውጣት አለበት ተባለ። ማታ ለአስካለ «ሐሞቴን ሊያወጡት ነው» ብላት፣ «ድሮስ መቼ ሐሞት ኖሮህ ያውቃል?» አለችኝ። ከሃያ ዓመት ትዳር በኋላ የሚገኝ ማጽናኛ ይኸው ነው።

ቀጠሮው የተያዘው በሁዳዴ ነው። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው፣ ከተማው በሙሉ ጾመኛ ነበር። ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«አቶ በለጠ? ሲስተር ሐያት እባላለሁ፣ ከቀዶ ጥገና ማዕከሉ ነው። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ጾመው ነው የሚመጡት፣ እሺ?»

«እህቴ፣ ሁዳዴ ላይ ጹም ብለሽ ታስታውሽኛለሽ? እኔ እኮ ከገባ ጀምሮ እየጾምኩ ነው!»

ሳቀች። «ጎበዝ! በርቱ። እኔም ጾም ላይ ነኝ።»

«አንቺም በርቺ» አልኳት። ስልኩ ተዘጋ። ይኸው ነው። ሰው የሚሞትበት ንግግር ከዚህ አይረዝምም።

በነጋታው ማለዳ አስካለ ኪዳን ለማድረስ ቂርቆስ ሄደች፤ ከዚያ መጥታ ልትወስደኝ። እኔ ደግሞ «ቢላ ፊት በባዶ ሆድ አይቀረብም፣ አቅም ያስፈልጋል» ብዬ ከቤታችን ማዶ ወዳለው ጀማል ፉል ቤት ወጣሁ። ጀማል በረመዳን እሱ ምንም ሳይቀምስ ለኛ ያበስላል።

«ጀማል፣ ቅቤ እንዳታደርግበት። እንቁላልም የለም። ጾመኛ ነኝ።»

«ጋሼ፣ ጾም ነኝ እያልክ ግን በጠዋቱ ፉል ትበላለህ?» አለኝ እየሳቀ። «የኛ ቢሆን ውሃ እንኳ የለውም። በል ጨው ካነሰው ንገረኝ፤ ዛሬ መቅመስ አልችልም።»

«የናንተ ጾም ሳይሆን ቅጣት ነው» አልኩት። ፉሉን በሁለት ዳቦ ጠርጌ፣ ሻይ ደገምኩበት። ጨው ልክ ነበር። ያንን ጨው እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አውቀዋለሁ።

መቆያ ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ የራሱን ጫማ ያያል። ቴሌቪዥኑ ድምፅ የለውም። ሲስተር ሐያት ሰሌዳዋን ይዛ መጣች፤ «ጾመዋል አይደል?» «በሚገባ!» ምልክት አደረገች። ከኋላ ክፍት የሆነውን ጋውን አለበሱኝ፤ የሰውን ልጅ ክብር በአንድ ክር የሚያስር ልብስ። ቀጥሎ ሰማያዊ ቆብ ያደረገ ወጣት መጣ።

«ዳዊት እባላለሁ። ማደንዘዣ የምሰጥዎት እኔ ነኝ። አፍዎን ይክፈቱልኝ። አስም? አለርጂ? የሚነቃነቅ ጥርስ?»

«ጥርሴ ደህና ነው፤ የሚነቃነቀው ምላሴ ነው።»

ፈገግ አለ። ወረቀቱን እያየ፣ «ጾመዋል» አለ፤ ጥያቄ ይሁን ንባብ አልለየሁትም።

«ጾመኛ ነኝ።»

ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ ማለት ነው፣ ሦስት ጊዜም እውነቱን ተናገርኩ። ከዚያ ጭምብሉን አፍንጫዬ ላይ አደረገ፣ በደም ሥሬ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ገባ፣ ከአሥር ወደ ኋላ ቁጠር አለኝ። ስምንትን አላገኘኋትም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በኋላ ነው የነገሩኝ። ሙሉ ማደንዘዣ ሲሰጥህ የምትተኛው አንተ ብቻ አይደለህም፤ ጉሮሮህን የሚጠብቀው ዘበኛም አብሮህ ይተኛል። ነቅተህ ሳለ ትን ቢልህ ታስላለህ፤ ዘበኛው ከተኛ ግን በሆድህ ያለ ምግብ ወደ ላይ ይወጣና ሳንባህ ውስጥ ይወርዳል፣ ማንም የሚያስቆመው የለም። ለዚህ ነው ሆድ ባዶ መሆን ያለበት። ይህንን ሁለት ዓረፍተ ነገር አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ፣ እንኳን ፉል ምራቄንም አልውጥም ነበር። አልነገሩኝም። የጀማል ፉል ወጣ፣ ሳንባዬ ገባ፣ ቀዶ ጥገናው ሳይጀመር ቆመ፣ በአምቡላንስ ወደ ትልቅ ሆስፒታል፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተወሰድኩ።

አራት ቀን። ለአራት አይካፈልም።

ስነቃ ጉሮሮዬ ውስጥ ቱቦ አለ። አስቡት፤ እኔ፣ በለጠ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መናገር አልቻልኩም! መጀመሪያ ያየሁት የአስካለን ፊት ነው። በአራት ቀን ውስጥ አሥር ዓመት አርጅታለች። እጄን ይዛ እንዲህ አለችኝ፦

«ለምን ዋሸህ?»

ግራ ገባኝ። በጣቴ የመጻፍ ምልክት አሳየኋት፤ ነርሷ ወረቀትና እስኪርቢቶ ሰጠችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው በማያውቀው አስቀያሚ ጽሕፈት፣ «ቅቤ የለውም» ብዬ ጻፍኩ።

አስካለ አነበበችና ወደ ነርሷ ዞረች። «ምን ማለቱ ነው?»

«አይጨነቁ እማዬ፣ መቃዠት ያለ ነው» አለቻት።

ያቺ ነርስ ግን ስሟን ባላውቅም እግዜር ይስጣት። ውሃ መጠጣት ሲከለከል በፋሻ እያራሰች ከንፈሬን ታብስልኝ ነበር፤ ስታብስም «አይዞህ፣ ይሄም ያልፋል» ትለኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ደግሞ ያ ሰማያዊ ቆብ መጣ። ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዞታል። «ጋሽ በለጠ፣ ዳዊት ነኝ፤ ያስተኛሁዎት» አለና እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። ጣቱን ልነክሰው ነበር። ቱቦው አተረፈው።

ቱቦው ወጥቶ ወደ መደበኛ ክፍል ስዛወር ድምፄ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይል ነበር። በዚያ ድምፅ ለአስካለ ነገሩን አስረዳኋት። ጾመኛ ነበርኩ፣ ቅቤ አልነካሁም፣ ጾመሃል ሲሉኝ አዎ አልኩ።

«አንተ ሰውዬ» አለች፣ «እውነት ጾመኛ ብትሆን ኖሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ጾም ብትጾም ትድን ነበር፤ የጀማልን ብትጾም ትድን ነበር። ያንተ ጾም ብቻ ነው የሚገድለው!»

እውነቷን ነው። ግን አልዋሸሁም።

ቤት ከገባሁ በኋላ ጠያቂ መጣ፤ ብርቱካንና ሙዝ ይዞ፣ አንድ ዓይነት ንግግር አጥንቶ። «አንድ ቀን እንኳ ሆድህን መቻል አቃተህ?» አማቴ ለማኅበሯ ሁሉ ነግራለች። መሥሪያ ቤት «ለአራት ማካፈል ቀርቶ፣ ለሐኪም የሚዋሽ ሰው» ተብያለሁ አሉ። ቀን ቀን አልጋ ላይ ጋደም ስል፣ ዓይኔ ሲከደን ያ ቀዝቃዛ ነገር በደም ሥሬ የሚገባ ይመስለኝና ብድግ እላለሁ። እንቅልፍ ፈራሁ። አስካለ አኩርፋኛለች፤ ግን ወንበር አምጥታ አጠገቤ ትቀመጥና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ «ተኛ፣ አለሁ» ትላለች። ሰው እንዴት አድርጎ እያኮረፈ ይጠብቃል? እሷ ትችላለች።

ልቤን ያቃጠለው ግን ሌላ ነው። ለክትትል ስሄድ የሆስፒታሉ ሐኪም ከማዕከሉ የተጻፈውን የዝውውር ወረቀት አነበበልኝ። በዳይሬክተሩ ፊርማ «ታካሚው መብላቱን ደብቆ፣ ጾሜያለሁ ብሎ ዋሽቷል» ይላል።

ወዳጆቼ፣ እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ። ሰው ይሞታል፣ ሹም ይነሳል፣ ካዛንቺስ ራሷ ፈርሳ ትሠራለች፤ ፋይል ግን አይሞትም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ሰው አቧራውን አራግፎ «በለጠ ዋሽቷል» ብሎ ያነባል። ስለ ቡና ቤት፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጠጠር ስዋሽ ኖሬ፣ በሕይወቴ እውነት በተናገርኩባት በአንዲቷ ቀን ውሸታም ተብዬ ተመዘገብኩ! ያን ቀን ማልኩ፤ ያንን ቃል ሳላስነሳ አልሞትም። ሐሞቴም ገና በውስጤ ነው፤ ለበቀል የሚበቃ አለኝ።

ደብዳቤ ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦ ያልዋሸሁ መሆኔን ስለማሳወቅ።» ቁጥር ሰጠሁት። ከታች ግልባጭ፦ ለባለቤቴ፣ ለአማቴና ለማኅበሯ፣ ለመሥሪያ ቤቴ ባልደረቦች፣ ለጀማል ፉል ቤት። ሳምንት ጠበቅኩ። መልስ የለም። ደገምኩ። ያው ዝም። ሰውዬው ሐኪም ነውና ለደብዳቤ በደብዳቤ መመለስን አያውቅም።

የጀማል ግልባጭ ግን ደርሷል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን እንደያዘ፣ ሽርጡን ሳይፈታ ቤታችን ገባ። ለአስካለ «እታባ፣ የገደልኩት እኔ ነኝ» ብሎ ሊያለቅስ ቃጣው። «ቅቤ አታድርግ፣ ጾመኛ ነኝ አለኝ። እኔም ቀለድኩበት። የኛ ጾም ውሃም የለውም ብዬው ነበር። ኦፕሬሽን እንዳለው ቢነግረኝ ኖሮ ድስቱን እደፋው ነበር!»

አስካለ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች። ከሆስፒታል ያስቀመጠችው ነው። «ቅቤ የለውም» የሚለውን ደግማ አነበበች፤ ደግማ ደጋግማ። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ በመሃሉ ትከሻዬን በቦርሳዋ መታችኝ።

«ተነስ። ጫማህን አድርግ።»

«የት?»

«ባሌን ውሸታም ነው ያለውን ሰውዬ እስቲ በዓይኔ ልየው።»

እኔ ቂመኛ ነኝ ብዬ ነበር። አስካለን ስታይ እኔ ጀማሪ ነኝ።

ዳይሬክተሩ አላስገባም ቢል፣ አስካለ መቆያ ክፍሉ ውስጥ ቆማ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ራሱ ወጣ። ዳዊትና ሲስተር ሐያትም ወጡ።

«ጾመዋል ተብለው ተጠይቀዋል፤ አዎ ብለዋል» አለና መነጽሩን አወለቀ። «ከዚህ በላይ ምን እናድርግ?»

ዳዊት ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ “ዋሽቷል” ብዬ አልጻፍኩም ዶክተር። “ጾሜያለሁ ብሏል፤ ሆዱ ግን ሙሉ ነበር” ብዬ ነው የጻፍኩት።»

አያችሁ? ፋይል ተነክቷል! ልጮህ አፌን ስከፍት፣ ከኋላዬ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ከወንበራቸው «ልጆች፣ የኔ ተራ መቼ ነው?» አሉ። የዕለቱ ተረኛ ታካሚ ናቸው። ኢድ አልፏል፣ ሁዳዴ ግን ገና አላለቀም። ያን ጊዜ አንድ ነገር በአእምሮዬ ብልጭ አለ።

«ሲስተር ሐያት» አልኩ፣ «እኚህን እናት እኔን እንደጠየቅሽኝ ጠይቂያቸው።»

ሰሌዳዋን አየች። «ጠይቄያቸዋለሁ… ጾመዋል።»

«እማማ፣ ጾመዋል?» አልኳቸው።

«አዎን ልጄ፣ ምን ጥርጥር አለው!»

«ዛሬ ጠዋት ታዲያ ምን ቀመሱ?»

«ምንም። ኧረ ምንም። ትንሽ በሶ ብቻ፤ የደም ግፊት ክኒኔን ለመዋጥ ብዬ።»

ሲስተር ሐያት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወላሂ… እኔ እኮ ጾም ስል፣ የኛን ነበር የማስበው» አለች፣ ለራሷ ያህል። ዳዊት ሰሌዳውን ከእጇ ወስዶ በቀይ እስኪርቢቶ አንድ መስመር ሰረዘ። ዳይሬክተሩ መነጽሩን ሊያወልቅ እጁን ሰደደ፤ አስቀድሞ አውልቆታል።

ያን ሰዓት የተሰማኝን አልደብቅም። ደስ አለኝ። ሰው ተረፈ ብዬ አይደለም፤ እሱ ከሰዓታት በኋላ ነው የመጣልኝ። አስቀድሞ ያስደሰተኝ የዳይሬክተሩ ፊት እንደ በሶ መንጣቱ ነው።

እናቲቱ ግን አላመሰገኑኝም። ቀዶ ጥገናው ለሌላ ቀን ተላለፈ ሲባሉ «አንተ ከየት የመጣህ ቀንዳም ነህ? ሦስት ወር የጠበቅኩትን!» ብለው በነጠላቸው ጫፍ ሊመቱኝ ተነሱ። አስካለ ናት ያስጣለችኝ።

ደብዳቤው በሳምንቱ መጣ። ቁጥር አለው፣ ማህተም አለው፣ ማህተሙ ትንሽ ጠሟል፣ ግን አለ። «ታካሚው አልዋሸም፤ የተጠየቀበት ቃል በቂ አልነበረም።» ግልባጩ ለሁሉም ደርሷል። አማቴ ማኅበሯ ፊት ቆማ አንብባዋለች። መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በእጄ ለጥፌዋለሁ፤ ሊያነሱት ቢሞክሩ እንደገና እለጥፋለሁ። በማዕከሉ ቅጽ ላይም «ጾመዋል?» የሚለው ተሰርዞ፣ «ለመጨረሻ ጊዜ በአፍዎ የገባው ምንድን ነው? በስንት ሰዓት?» የሚል ገብቷል። ስለዚህ አንባቢዬ፣ የትም ብትሄድ «ጾመህ ና» ካሉህ ዝም ብለህ እሺ አትበል። ምግብ ከስንት ሰዓት ጀምሮ? ውሃስ? ክኒኔስ? ማስቲካስ? ብለህ በሰዓት በቁጥር አስነግራቸው። ቢሰለቹህ ይሰልቹህ። በነሱ መሰልቸት ማንም አልሞተም።

ከፋሲካ በኋላ ጠጠሬ እንደገና ያዘኝ። ሁሉም «ሌላ ቦታ ሂድ» አለኝ፤ እምቢ አልኩ። ቂም ያለበት ሰው ደጃፍ አይቀይርም። «ዳዊት ራሱ ያስተኛኝ፣ ዳዊት ራሱ ያንቃኝ» አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህን ያልኩት አንድ ነገር አዘጋጅቼለት ስለነበር ነው። ሁለት ወር ሙሉ ያሳመርኩት ነገር።

ያው ጋውን። ያው ጠረጴዛ። ፈርቻለሁ፤ ይህንን አታካፍሉት። ዳዊት አጠገቤ ቁጭ አለ፤ አልቆመም፣ ቁጭ አለ።

«ጋሽ በለጠ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በአፍዎ የገባ ምግብ ምንድን ነው?»

«ትናንት ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ዶሮ ያልደረሰበት አልጫ። አንድ እንጀራ።»

«ከዚያ ወዲህ? ሻይ? ማስቲካ? ማንኛውም ነገር?»

«ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ አንተ በፈቀድከው መሠረት፣ ሁለት ጉንጭ ውሃ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

ያ ያዘጋጀሁት ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። «ከጀማል ፉል በቀር ምንም!» አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ብላት ጭምብሉ እጁ ላይ ሲደርቅ፣ ቆቡ ሥር ሲነጣ፣ ዳይሬክተሩ ሲጠራ፣ ክፍሉ ሲተራመስ አያለሁ። ለአራት ቀን ቱቦዬ፣ ለአስካለ አሥር ዓመት፣ ለዚያች «ዋሽቷል» ለምትል ቃል የሚመጥን በቀል ነበር። አፌን ከፈትኩ። ወጣቱ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ዓይን ዓይኔን ያያል፤ የምለውን ቃል ሁሉ ለሁለት እንኳ ሳያካፍል እንዳለ ሊያምነኝ ይጠብቃል።

ዋጥኳት። «እርግጠኛ ነኝ» አልኩት።

ከሁለት ጉንጭ ውሃው ወዲህ የዋጥኩት እሷን ብቻ ነው፤ እሷንም ቅጹ ላይ አላስመዘገብኩም።